መሐሉን ምን በላው? የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶግራፍና የብርሃን ብዛት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበና ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከአንድ አዛውንት ጥያቄ የተወሰደ ነው። ጠያቂው አባቴ ናቸው። ጥያቄውን በጠየቁኝ ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ጎደሎ ነበር። ሙሉውን መልስ ለማግኘት የአንድ መቶ አርባ ዓመት ታሪክ መመርመር ነበረብኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚያን ምርመራ ውጤት ነው።

የአንድ ሌሊት ስሕተት

ተወልጄ ያደግሁት በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙም በማትርቀው በግራና ነው። የቆላ ልጅ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማሽላ ሲያፈራ ሌሊት መጠበቅ አለበት። እኔም በልጅነቴ ከርከሮና ጃርት እንዳይገባ ከማማ ላይ ሆኜ አድሬአለሁ። ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ በስተምሥራቅ፣ ከአፋር ቆላ በኩል፣ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ይወጣሉ። ከሦስቱ አጠገብ እንደ ጭስ የደበዘዘች አንዲት ነጥብ አለች። ያች ነጥብ የኦሪዮን ኔቡላ እንደምትባል፣ ከእኛም 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀች የጋዝና የአቧራ ደመና መሆኗን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ከአንድ ወዳጄ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ቴሌስኮፕና የሰማዩን ዙረት የምትከተል ባለ ሞተር መቆሚያ ተውሼ ወደ ግራና ሄድኩ። ካሜራውን ከመግጠሜ በፊት አባቴን በዓይናቸው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «በጭሱ መካከል አራት ፍንጣቂ ከዋክብት አሉ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሊቃውንቱ ትራፔዚየም የሚሏቸው፣ ደመናውን የሚያበሩት አራት ወጣት ከዋክብት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን ገጥሜ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የፈጁ 40 ፎቶዎች አነሣሁ፤ በጠቅላላው የሁለት ሰዓት ብርሃን ሰበሰብሁ። በማግሥቱ ፎቶዎቹን በኮምፒዩተር ደርቤ ውጤቱን ለአባቴ አሳየኋቸው። የደመናው ክንፎች በዓይን ከታዩት እጅግ ሰፍተውና ቀልተው ወጥተዋል። መካከሉ ግን ባዶ ነጭ ነበር። አባቴ ጣታቸውን በነጩ ላይ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መሐሉን ምን በላው?»

«ብርሃኑ ነው፣ አባዬ።»

«ብርሃን ያሳያል እንጂ ይበላል እንዴ?»

ባለ ዶክትሬቱ መምህር ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ዓይን ያየውን ካሜራው ለምን አጣው? በሚቀጥለው ዓመት አስተካክዬ አምጥቼ አሳይዎታለሁ ብዬ ተሰናበትኳቸው።

ከእጅ ሥዕል ወደ መስታወት ሰሌዳ

ታሪኩ የሚጀምረው ከፎቶግራፍ በፊት ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1617 ከትራፔዚየም ከዋክብት ሦስቱን ለይቶ ሥሏል። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በ1656 ደመናውን ከነከዋክብቱ ተመልክቶ ሥዕሉን በ1659 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእነርሱ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት የኦሪዮን ኔቡላ መልክ የሚታወቀው በእጅ ሥዕል ነበር።

የእጅ ሥዕል አንድ ትልቅ ጥቅምና አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ጥቅሙ የዓይን ጸጋ ነው። የሰው ዓይን ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል እያደገ አይሄድም፤ ብርሃኑ ብዙ እጥፍ ሲጨምር ዓይን የሚሰማው ጭማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደማቁን መሐልና የደበዘዘውን ክንፍ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። አባቴ አራቱን ከዋክብት ከነጭሱ ያዩት በዚህ ጸጋ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሁለት ሠዓሊዎች አንድ ዓይነት ሥዕል አለመሣላቸው ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሆልደን በ1882 ስለ ኔቡላው ማዕከላዊ ክፍል ባሳተመው ሰፊ ጥናት የቀደሙትን ሥዕሎች ሰብስቦ አነጻጽሯል። ሊመልስ የፈለገው ጥያቄ ደመናው በዘመናት ውስጥ ተለውጧል ወይ የሚል ነበር። ነገር ግን በሁለት ሥዕሎች መካከል የታየ ልዩነት የደመናው ይሁን የሠዓሊው እጅ በምን ይለያል? ገለልተኛ ምስክር ያስፈልግ ነበር።

ያ ምስክር የመጣው በሕክምና ዶክተሩ በሄንሪ ድሬፐር በኩል ነው። ድሬፐር በኒው ዮርክ አቅራቢያ፣ በሄስቲንግስ በነበረው የግል ኦብዘርቫቶሪው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 የኦሪዮን ኔቡላን ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ አነሣ። ዘመኑን በእኛ ታሪክ ለማስታወስ ያህል፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚሁ በወሎ ምድር የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ከጠሩ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ሰሌዳው ለብርሃን የተከፈተው 51 ደቂቃ ነው። ይህን ያህል መቆየት የተቻለው በዚያው ዘመን ገበያ ላይ በዋለው ደረቅ የጄላቲን ሰሌዳ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እርጥብ ሰሌዳ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት።

ድሬፐር በ51 ደቂቃ አልረካም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1882 ሰሌዳውን ለ137 ደቂቃ ከፍቶ እጅግ የደበዘዙ ክፍሎችን አስገኘ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር በ45 ዓመቱ አረፈ። በጥር 30 ቀን 1883 ደግሞ እንግሊዛዊው አንድሩ ኤይንስሊ ኮመን 91 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስታወት በ37 ደቂቃ ውስጥ፣ በዚያው ቴሌስኮፕ ለዓይን የማይታዩ ከዋክብትን ጭምር መዘገበ። ለዚህም በ1884 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ይህ ድል ነበር። ሆኖም የድሉን ዋጋ ልብ በሉ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ክንፎቹ ይሰፋሉ፤ መሐሉ ደግሞ ወደ አንድ ወጥ ነጭነት ይጠጋል። ለሁለት መቶ ዓመታት በእርሳስ ሲሣል የነበረው፣ ሆልደን ሙሉ ጥናት የጻፈበት ያ ማዕከል፣ ረጅም ጊዜ በተከፈተው ሰሌዳ ላይ የሚቃጠለው ክፍል ሆነ። አዲሱ ምስክር የማይዋሽ ቢሆንም ስለ መሐሉ ሲጠየቅ ዝም የሚል ምስክር ነበር።

ታዲያ ለምን ጊዜውን አያሳጥሩም ነበር? ምክንያቱም ረጅሙ ጊዜ የሚያስገኘው ነገር ሊተው የሚችል አልነበረም። በ1888 በሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ በተነሣ የ90 ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ዊልያሚና ፍሌሚንግ የተባለች ባለሙያ፣ ከሦስቱ የመስመር ከዋክብት በአንዱ አጠገብ፣ በብርሃኑ ደመና ውስጥ የተቆረሰ ጥቁር ቅርጽ አየች። ዛሬ የፈረስ ራስ ኔቡላ የምንለው እርሱ ነው። በአጭር ጊዜ ሰሌዳ ያ ቅርጽ ፈጽሞ አይገኝም። ደብዛዛውን ለማግኘት መጠበቅ፣ ደማቁን ለማትረፍ መቸኮል ያስፈልጋል፤ አንድ ሰሌዳ ደግሞ ለሁለት ጌታ አይገዛም።

በዚህ ላይ የመስታወቱ ራሱ ጠባይ ተጨመረ። የደማቅ ኮከብ ብርሃን ኬሚካሉን አልፎ ከሰሌዳው ጀርባ ላይ ያንጸባርቅና ተመልሶ በኮከቡ ዙሪያ የሐሰት ቀለበት ይሠራል። ፎቶ አንሺዎቹ መፍትሔ ያደረጉት የሰሌዳውን ጀርባ በጥቁር ቅብ መሸፈን ነበር። ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ብዙ ያተረፈች ዘዴ ናት።

እግር፣ ወገብ፣ ትከሻ

ብርሃን እንዴት እንደሚበላ በመጀመሪያ በመለኪያ ያሳዩት በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ የተባሉ ሁለት የኬሚካል ፋብሪካ ባለሙያዎች ናቸው። በ1890 ባሳተሙት ጥናት ሰሌዳ የተቀበለውን ብርሃንና ያንን ተከትሎ የሚመጣውን ጥቁረት በአንድ መስመር አስቀመጡ። መስመሩ እግር፣ ወገብና ትከሻ አለው። በእግሩ ላይ ብርሃኑ ገና ትንሽ ስለሆነ ሰሌዳው አይነቃም። በወገቡ ላይ ብርሃን ሲጨምር ምዝገባውም በሥርዓት ይጨምራል። ትከሻው ላይ ሲደርስ ግን መስመሩ ይጎብጣል፤ ብርሃኑ እጥፍ ቢሆን እንኳ ሰሌዳው ልዩነቱን መናገር ይሳነዋል።

ለአባቴ መስጠት የነበረብኝ መልስ እነሆ እዚህ ላይ ነው። መሐሉን የበላው ብርሃኑ አይደለም። መዝጋቢው አቅሙ አልቆ ነው። እኛ የታሪክ ሰዎች ይህን በሌላ መልክ እናውቀዋለን። የደበዘዘ የብራና ጽሑፍ ቢያስቸግርም በትዕግሥትና በጥሩ መብራት ይነበባል፤ ቀለም የፈሰሰበት ገጽ ግን ከሥሩ ያለው ፊደል ቢኖርም አይነበብም። በአንድ ቤተ መዛግብት በማይክሮፊልም የተነሣ የእጅ ጽሑፍ ሳነብ፣ መብራቱ በገጹ መካከል በዝቶ አምስት መስመር ነጭ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። ዋናው ጽሑፍ የት እንደደረሰ ባለመታወቁ አምስቱ መስመሮች እስከ ዛሬ ለእኔ የሉም። የጨለመ ፎቶ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር አለ፤ የተቃጠለ ፎቶ ውስጥ ግን ከተቃጠለው ቦታ የሚመለስ የለም።

የፊልም ዘመን ሰዎች ከትከሻው ላይ የተረፈውን ጥቂት ልዩነት ለማውጣት ብዙ ደክመዋል። ከሁሉ የሚጠቀሰው በአውስትራሊያ የሠራው ዴቪድ ማሊን ነው። ማሊን በ1970ዎቹ ከሥነ ፈለክ ሰሌዳዎች ጋር ያዋለው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ከዋናው ሰሌዳ ላይ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ግልባጭ በፊልም ይሠራል፤ ግልባጩና ዋናው ተደራርበው አንድ ላይ ይታተማሉ። ደብዛዛው ግልባጭ ሰፊውን የብርሃን ልዩነት ያቻችላል፤ ረቂቁ ዝርዝር ግን በግልባጩ ላይ ስለሌለ ሳይነካ ያልፋል። በዚህም ጥቁር ጠብታ ይመስል ከነበረው የሰሌዳ ክፍል ውስጥ ቅርጽ ወጣ። ይህ የሚሆነው ግን በሰሌዳው ላይ አንዳች ልዩነት ከተመዘገበ ብቻ ነው። ማሊን የተደበቀውን አወጣ እንጂ የሌለውን አልፈጠረም።

እንስራና ጠርዙ

እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ሲሲዲ የተባለውን ሴንሰር ፈለሰፉ፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ዛሬ በስልካችንና በካሜራችን ያለው ሴንሰር በአሠራር ቢለይም የዚያ ዘመድ ነው።

ሴንሰርን በዝናብ ጊዜ ደጅ በተደረደሩ እንስራዎች ልንመስለው እንችላለን። እያንዳንዱ ፒክስል አንድ እንስራ ነው። ብርሃን ሲዘንብ ኤሌክትሮን ይጠራቀማል፤ የአንድ ፒክስል አቅም ባብዛኛው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ነው። እስከ ጠርዙ ድረስ ምዝገባው ቀጥ ያለና ታማኝ ነው፤ እጥፍ ብርሃን እጥፍ ቁጥር ይሰጣል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ፊልም ትከሻ በቀስታ አይጎብጥም፤ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ባለ 14 ቢት ካሜራ ከ0 እስከ 16,383 ይቆጥራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ያው 16,383 ነው። በቀደሙት ሲሲዲዎች ላይ ደግሞ ሞልቶ የፈሰሰው ወደ ጎረቤት ፒክስሎች እየወረደ ከደማቅ ኮከብ ላይ የሚዘረጋ ነጭ መስመር ይሠራ ነበር።

የእኔ የ2011 ዓ.ም. ስሕተት አሁን ግልጽ ይሆናል። አርባ ፎቶ ደራርቤ ነበር። መደራረብ የፎቶውን ጉርምርምታ ይቀንሳል፤ አርባ ፎቶ ቢደረብ ጉርምርምታው በስድስት እጥፍ ያህል ያንሳል። የሞላ እንስራ ግን አርባ ጊዜ ቢለካ ያው ሙሉ ነው። አርባ የተቃጠለ መሐል ተደምሮ አንድ ያልተቃጠለ መሐል አይወጣም።

የሚጠፋውም ብሩህነቱ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙም ጭምር ነው። የደመናው ክንፍ የሚቀላው በሃይድሮጂን ብርሃን ነው። ወደ መሐል ሲቀርቡ የኦክስጅን አረንጓዴ ብርሃን ይበረታል። ይህ አረንጓዴ ብርሃን የራሱ ታሪክ አለው። ዊልያም ሀጊንስ በ1864 በኔቡላዎች ብርሃን ውስጥ ያያቸው አረንጓዴ መስመሮች በምድር ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም በማለታቸው አዲስ ንጥረ ነገር ተብለው ስም ወጥቶላቸው ነበር። ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን አይራ ቦወን ያስረዳው በ1927 ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት የፈጀ እንቆቅልሽ ነው። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እንስራ በአንድነት ሲሞሉ ውጤቱ ነጭ ነው፤ ያ ሁሉ ኬሚስትሪ ከነጩ ሥር ይቀበራል።

በመሐሉ ውስጥ የነበረው

ከእናንተ መካከል «ለአንዲት ነጭ ነጥብ ይህ ሁሉ ሐተታ ለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ መጣ። በሮበርት ኦዴል የሚመራ ቡድን በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የኔቡላውን ማዕከል ሲመረምር በትራፔዚየም ዙሪያ እንደ እንቁራሪት ግልገል ጅራት ያወጡ ጥቃቅን ቅርጾችን አገኘ። እያንዳንዳቸው አንድን አዲስ ኮከብ የከበበ የጋዝና የአቧራ ሰሌን ናቸው፤ ጅራቱም ከትራፔዚየም በሚመጣው ኃይለኛ ብርሃን እየተነነ የሚሸሽ ጋዝ ነው። ፕላኔቶች የሚወለዱት ከእንዲህ ዓይነቱ የአቧራ ሰሌን ነው። የእኛም ምድር ከአራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በፊት በዚህ መንገድ እንደተፈጠረች ይታመናል።

በ2006 የታተመው የሀብል ሰፊ ምስል ቴሌስኮፑ መሬትን 105 ጊዜ ሲዞር ከተነሡ 520 ምስሎች የተገጣጠመ ሲሆን ከ3,000 በላይ ከዋክብት ይታዩበታል። በብዙ ፎቶዎች ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ያ ስፍራ ማሕፀን ነው። በደመናው ውስጥ እጅግ ደማቁ ቦታ እጅግ ብዙ የሚናገረውም ቦታ ነው፤ ካሜራ መጀመሪያ የሚያጣውም እርሱን ነው።

ሁለት ደቂቃ

ወደ ግራና ልመለስ። በሚቀጥለው ዓመት ያልኩት ቃል አልተፈጸመም። አንዱ ዓመት በሥራ አለፈ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አባቴ አረፉ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፤ ወልድያና መርሳ፣ ግራናም ጭምር መብራት የሌለባቸው ወራት አሳለፉ። የሰማይ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ጨለማን ይመኛል፤ እንዲያ ያለውን ጨለማ ግን ማንም አይመኝም።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ያችኑ ቴሌስኮፕ ተውሼ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ሦስት ተርታ ፎቶ አነሣሁ፦ 60 ፎቶ በ2 ሴኮንድ፣ 40 ፎቶ በ15 ሴኮንድ፣ 30 ፎቶ በ120 ሴኮንድ። ቁጥሮቹን አስሏቸው። የመጀመሪያው ተርታ በጠቅላላው 2 ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው 10 ደቂቃ፤ ሦስተኛው አንድ ሰዓት። አራቱን ከዋክብት ያተረፈልኝ የሁለት ደቂቃ ብርሃን ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በዚያች ሌሊት ለክንፎቹ ሁለት ሰዓት ስሰጥ ለመሐሉ ሁለት ደቂቃ ነፍጌ ነበር።

መሞከር ለምትፈልጉ ተማሪዎች የሥራውን ቅደም ተከተል ላስረዳ። አንደኛ፣ በካሜራው ጀርባ ላይ የሚታየውን ምስል አትመኑ፤ ዓይን ለማስደሰት የተዘጋጀ ነው። ሂስቶግራሙን ተመልከቱ፤ በቀኝ ጠርዝ ላይ የተከመረ ነገር ካለ የሞላ እንስራ አለ ማለት ነው። ትራፔዚየም ትንሽ ስፍራ ስለሆነ ክምሩ ሊሰወር ይችላል፤ ስለዚህ ምስሉን አጉልታችሁ መሐሉን ለብቻው መርምሩ። ፋይሉም ጥሬው ይሁን፤ የታመቀው ፋይል 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛ፣ ተርታዎቹ መደራረብ አለባቸው፤ ረጅሙ የሚቃጠልበት ቦታ በመካከለኛው፣ መካከለኛው የሚቃጠልበት በአጭሩ ላይ በደንብ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሴንሰሩ እስከ ጠርዙ ታማኝ ስለሆነ ተርታዎቹ በስሌት ይገናኛሉ፤ የ2 ሴኮንዱ በ60፣ የ15 ሴኮንዱ በ8 ሲባዛ ከ120 ሴኮንዱ ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል። የተቃጠለው ቦታ ብቻ በአጭሩ ይተካል፤ ድንበሩም እንደ ጥሩ ጥልፍ መገናኛው እንዳይታይ በቀስታ ይለሰልሳል። አራተኛ፣ የተገኘው ሰፊ የብርሃን ልዩነት በስክሪን ላይ እንዲታይ በሎጋሪዝም መሰል ስሌት ይጨመቃል። የሰው ዓይን በተፈጥሮው የሚያደርገውን በሒሳብ እናደርገዋለን ማለት ነው።

በዚህ ላይ እንደ ታሪክ መምህር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሐሉን ለማሳየት በመጓጓት ከክንፉ ይልቅ አደብዝዘው የሚያቀርቡ አሉ። መሐሉ ከክንፉ የደመቀ ነው፤ ሲታተምም ደምቆ መታየት አለበት። የብሩህነትን ቅደም ተከተል የገለበጠ ፎቶ ዝርዝር ቢኖረውም ሐሰተኛ ምስክር ነው። ከስንት ተርታ፣ በስንት ሴኮንድ እንደተሠራ ከፎቶው ሥር መጻፍም ከሥራው የሚቆጠር ግዴታ ነው። ሆልደን የሥዕሎቹን ልዩነት መፍረድ የተቸገረው የእያንዳንዱ ሠዓሊ እጅ ምን እንደጨመረ ሊያውቅ ባለመቻሉ ነበር።

ለእኛ ሰማይ

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ሰዎች ጨዋታ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ፣ ስለ ብርሃናት አካሄድ የሚናገረውን ክፍል ጨምሮ፣ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ፤ በ2015 በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ። አንድ ሜትር መስታወት ከእኔ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ 156 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። የአንድ ኮከብ እንስራም በዚያው ልክ ፈጥኖ ይሞላል። መሣሪያው በጎለበተ ቁጥር የዛሬው ጥያቄ ይብሳል እንጂ አይቀልም። የአዲስ አበባ መብራት በእንጦጦ ሰማይ ላይ ስለሚያጠላ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሰው የእኛው የላስታ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ በእጩነት ሲጠቀስ ቆይቷል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨረቃ አብዛኛውን የፀሐይ ገጽ ብትሸፍንም ያለ ማጣሪያ በስልክ ለተነሣ ፎቶ የቀረችው ቀጭን ቀለበት በቂዋ ነበረች፤ ቀለበቱ የሚጠበቅበት ቦታ ነጭ ጎርፍ ይሆናል። የኔቡላው ችግር በቀን መጥቶ በአደባባይ የታየበት ዕለት ነበር።

ለአካባቢያችን ልጆች ደግሞ የምሥራች አለኝ። ኦሪዮን በታኅሣሥ መጀመሪያ በእኩለ ሌሊት፣ በደቡብ በኩል፣ ከአድማስ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ በአውሮፓ ያሉ ፎቶ አንሺዎች ይህን ከፍታ አያገኙትም። የሚከፈልበት ዋጋ ቢኖር የሰሜኑ ኮከብ ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ባለ ሞተሩን መቆሚያ ማቃናት ያስቸግራል፤ ከፊት ኮረብታ ካለ ኮከቡ ጭራሽ አይታይም። ሞተር የሌላችሁም አትዘኑ። በቆመ ትራይፖድ ላይ፣ በተለመደው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከዋክብቱ ወደ ጭረት ሳይለወጡ ከ6 እስከ 7 ሴኮንድ ብቻ ነው መክፈት የምትችሉት። ብዙ አጫጭር ፎቶ ለማንሣት ትገደዳላችሁ። አራቱን ከዋክብት ለመለየት ሌንሱ ቢያጥርም፣ ባለ ሙሉ መሣሪያው ሰው በቸልታ የሚያቃጥለውን መሐል እናንተ በማጣታችሁ ምክንያት ብዙም ሳታቃጥሉት ታተርፉታላችሁ።

ንግግሬን ልቋጭ። በ2015 ዓ.ም. ፎቶውን ሠርቼ በጨረስኩ ማግሥት፣ የአባቴ ቤት በነበረው ግቢ ውስጥ ለጎረቤት ልጆች በኮምፒዩተር አሳየኋቸው። ክንፎቹ እንደ ቀድሞው ሰፍተዋል፤ መሐሉ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ነው፤ በውስጡም ነጥብ የሚያክሉ ከዋክብት አሉ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጣቷን በስክሪኑ ላይ አድርጋ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላ ቆጠረች። የቆጠሩት አዛውንት ግን አልነበሩም። ኔቡላው በየዓመቱ ታኅሣሥ ይመለሳል፤ ፎቶውን የጠየቀን ሰው ግን ላይጠብቀን ይችላል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትወጡ እለምናለሁ። ካሜራችሁን ወደ ሰማይ ባዞራችሁ ጊዜ፣ ለክንፎቹ ሰዓታት ከመስጠታችሁ በፊት፣ ለመሐሉ ሁለት ደቂቃ ስጡት።